የአንዱ ቫልቭ ክፍተት ሰፍቶ የሌላው ጠበበ፤ አስተካክዬ ልቀጥል ወይስ ቴስታታ (ቫልቮቹን የያዘውን የሞተር ራስ) ላውርድ?

ነጭ ማዕበል፦

ሰላም ለሁላችሁ። የጀልባዬ ሞተር 502 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 8.2 ሊትር ቢግ ብሎክ ነው። ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታዎቹ አሉሚኒየም ናቸው። ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚያስከፍተው ባለ ጉብታ ዘንግ) ሜካኒካል ሮለር ስለሆነ የቫልቩን ክፍተት፣ ማለትም በሮከሩ (ቫልቩን በሚገፋው ክንድ) እና በቫልቩ ጫፍ መካከል ያለውን፣ በፊለር ጌጅ (በቀጫጭን የብረት ቅጠሎች መለኪያ) እየለካሁ በእጅ ነው የማስተካክለው። በሙሉ ጋዝ 5,800 ዙር ድረስ ይሄዳል፤ ውድድር ላይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው አካባቢ ነው የሚውለው።

አሁን በወቅቱ አጋማሽ፣ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ የቫልቭ ክዳኖቹን አንስቼ ለካሁ። ሁሉም ሲቀዘቅዝ 0.50 ሚሊ ሜትር ላይ ነበሩ። አብዛኞቹ አሁንም እዚያው ናቸው፤ ቢለያዩም ከ0.03 አያልፉም። ሁለቱ ግን አሳስበውኛል። የ6ኛው ሲሊንደር አስወጪ ቫልቭ 0.66 ሆኗል። የ3ኛው አስወጪ ደግሞ በተቃራኒው ጠቦ 0.38 ደርሷል።

ሞተሩ ሲነሳ ድምፁ ደህና ነው፤ የፍጥነት መቀነስም አላየሁበትም። ሁለቱንም ወደ 0.50 መልሼ መቀጠል እችላለሁ? ደግሞስ ቫልቮቹን የሚዘጉት ሞላዎች መቼ ነው የሚቀየሩት? አንዱ «በሰዓት ቆጥረህ ቀይር» ይለኛል፣ ሌላው «ካልተሰበረ አትንካው» ይላል። በሥራው ያለፋችሁበት ብትመክሩኝ ደስ ይለኛል።

ሞገድ ሰባሪ፦

ወንድም፣ አትጨነቅ። ክፍተት የሚስተካከል ነገር ስለሆነ ነው ማስተካከያ የተሠራለት። ሁለቱንም 0.50 አድርግና ወቅቱን ጨርስ፤ ስትጨርስ በእረፍት ጊዜ ትፈታዋለህ። ኃይል ካልቀነሰ ቴስታታ ማውረድ ጓርኒሲዮን ማባከን ነው።

ቴስታታ፦

ወንድሜ ነጭ ማዕበል፣ እስካሁን ካልነካኸው ቁልፉን አስቀምጠው። ሞገድ ሰባሪ ለመርዳት እንደጻፈ ይገባኛል፤ ይህ ምክር ግን ሞተር ያስበላል። ያገኘሃቸው ሁለት ቁጥሮች የሁለት የተለያዩ በሽታዎች ምልክት ናቸው። ወደ 0.50 ስትመልሳቸው ምልክቶቹ ይጠፋሉ፤ በሽታዎቹ ግን እዚያው ናቸው፤ ከዚያ በኋላ የምታየው ነገር አይኖርህም።

ሥራዬ የፈጣን ጀልባ ሞተር መፍታትና መግጠም ነው፤ ከሁሉ አብልጬ የኖርኩት ቴስታታ ላይ ነው። ሜካኒካል ሊፍተር (ካሙ ላይ እየተንከባለለ የሚነሳ ገፊ) ያለው ሰው አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ውስጡ ምን እያለቀ እንደሆነ ምንም ሳይፈታ በፊለር ጌጅ ማንበብ ይችላል። የሚነበበው ደግሞ ከመጠኑ በፊት አቅጣጫው ነው፦ ሰፋ ወይስ ጠበበ?

ከሰፋው ልጀምር። ክፍተት የሚሰፋው አብዛኛውን ጊዜ በካምና በሮከር መካከል ያለ ዕቃ ሲያልቅ ነው። የሊፍተሩ ሮለር፣ በሮለሩ ውስጥ ያሉት መርፌ ኩሽኔታዎች (መርፌ የሚመስሉ ቀጫጭን ተንከባላዮች)፣ የካሙ ጉብታ፣ ከሊፍተሩ ወደ ሮከሩ የሚገፋው የፑሽ ሮድ ጫፍ ወይም የሮከሩ መቀመጫ ሊሆን ይችላል። ክፍተቱ የሚስተካከልበት ዳዶ ራሱ ተፈትቶም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የዳዶውን መቆለፊያ ብሎን ሞክረው። ጠብቆ ካገኘኸው፣ ያ 0.16 ሚሊ ሜትር ከአንድ ብረት ላይ ተበልቷል ማለት ነው። የቢግ ብሎክ ሮከር ምጥጥን 1.7 ነው፣ ማለትም ሊፍተሩ 1 ሲነሳ ቫልቩ 1.7 ይከፈታል፤ ቫልቩ ጫፍ ላይ 0.16 ስታይ ሊፍተሩ ዘንድ የጠፋው 0.09 ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል። መርፌ ኩሽኔታ ውስጥ ግን 0.09 በጣም ብዙ ነው። እኔ በሁለት ልኬት መካከል ከ0.10 በላይ የሰፋ ቫልቭ ካገኘሁ፣ ሊፍተሩን አውጥቼ በጣቴ ሳልፈትሸው ሞተሩን አላስነሳም። መርፌዎቹ ሲበተኑ ሮለሩ መዞሩን ያቆምና ካሙን ይፍቀዋል፤ ብናኙ ከዘይት ጋር ይዞራል፤ ያኔ የምትቀይረው አንድ ሊፍተር ሳይሆን ሙሉ ሞተር ነው።

አሁን ወደ ጠበበው። ይህኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። ክፍተት የሚጠበው የቫልቩ ዘንግ ወደ ላይ ሲመጣ ነው። ወይ የቫልቩ መቀመጫ እየተበላ ቫልቩ ወደ ውስጥ ሰጥሟል፣ ወይ ደግሞ ቫልቩ ራሱ በሙቀት ተስቦ ረዝሟል። ሁለቱም የሙቀት ነገር ናቸው። አስወጪ ቫልቭ ሙቀቱን የሚያስወግደው በዋናነት ተዘግቶ መቀመጫው ላይ ባረፈበት ቅጽበት ነው፤ ሦስት አራተኛው ገደማ በዚያ ይወጣል፣ የቀረው በዘንጉ በኩል ወደ ጋይዱ (ዘንጉ ወደሚንሸራተትበት ቱቦ)። ክፍተቱ ሲጠብ ቫልቩ መቀመጫው ላይ የሚያርፍበት ጊዜ ያጥራል። ያጠረ ዕረፍት ይበልጥ ያግለዋል፣ የጋለ ቫልቭ ይበልጥ ይረዝማል፣ ሲረዝም ክፍተቱ እንደገና ይጠብባል። መጨረሻው የቫልቩ ጭንቅላት ተቆርጦ ፒስተን ላይ መውደቅ ነው።

«ኃይል አልቀነሰም» ያልከው ደግሞ አያጽናናህ። ስምንት ሲሊንደር ባለው ሞተር ላይ አንዱ ትንሽ አየር ቢያፈስ በፍጥነት መለኪያው አታየውም። መኪና ላይ ቢሆን ኖሮ እኔም ይህን ያህል አልቸኩልም ነበር። መኪና ቁልቁለት አለው፣ ጋዝ የሚለቀቅበት ጊዜ አለው። ፕሮፔለር የሚጠይቀው ኃይል ግን ዙሩ በጨመረ ቁጥር ወደ ሦስተኛ ርቢ ተጠግቶ ነው የሚያድገው፤ ሙሉ ጋዝ ላይ ያለ ጀልባ ያለ እረፍት ሽቅብ እንደሚወጣ ጭነት መኪና ነው። በ5,800 ዙር ካምሻፍቱ በደቂቃ 2,900 ጊዜ ይዞራል፤ እያንዳንዱ ቫልቭ በሰዓት 174,000 ጊዜ ይከፈታል፣ ይዘጋል።

ዛሬ የምታደርገውን ልንገርህ። የ3ኛውን ካንዴላ አውጣ፤ ፒስተኑን በመጭመቂያው ምት ላይኛው ነጥብ ላይ አድርገህ 7 ባር ገደማ አየር አስገባና የሚፈሰውን በመቶኛ ለካ። ክራንክሻፍቱ ላይ ቁልፍ ሰክተህ አትተው፤ ፒስተኑ ትንሽ ከነጥቡ ከወጣ አየሩ ገፍቶ ያዞረዋል፣ ቁልፉም ይመታሃል። ከዚያ ጆሮህን አቅርብ። ከጭስ ማውጫው ሽውታ ከሰማህ አስወጪ ቫልቩ ነው፤ ከአየር ማስገቢያው ከሰማህ አስገቢው፤ ከዘይት መሙያው ከሆነ የፒስተን ቀለበት። ስምንቱንም ለካ፤ አንዱን ብቻ ለክተህ የምታወዳድርበት የለህም። ካንዴላዎቹንም በቅደም ተከተል ደርድራቸውና የ3ኛው ከሌሎቹ ነጥቶ እንደሆነ እይ። ነጭ ከሆነ ነዳጅ እያነሰው በሙቀት እየነደደ ነው፤ ቫልቭ ብትቀይርም ያው ሲሊንደር አዲሱንም ይስበዋል።

የሞላውን ጥያቄ ማታ እመለስበታለሁ።

ሰማያዊ፦

ጋሼ ቴስታታ ከጻፉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የዘይት ፊልትሩን ቁረጠው። ቆርቆሮውን በመጋዝ ሳይሆን በፊልትር መቁረጫ ክፈት፣ መጋዝ የራሱን ብናኝ ይጨምርበታል። ወረቀቱን ዘርግተህ ዘይቱን ጭመቅና በጠንካራ ማግኔት ዳስሰው። ማግኔት የሚይዘው ብርማ ብናኝ ከሊፍተር፣ ከመርፌ ወይም ከካም የመጣ ነው። ወርቃማ ሆኖ ማግኔት የማይዘው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከነሐስ ጋይድ ነው። እኔ ጋዝ የምይዝበት ጀልባ ላይ ዘይት በተቀየረ ቁጥር ይህን እናደርጋለን፤ ሊፍተር ሲጀምረው ከጆሯችን በፊት ፊልትሩ ነው የሚነግረን።

ሌላው፣ ወደብ ውስጥ ስትገባና ስትወጣ በስንት ዙር ነው የምትሄደው? ሮለር ሊፍተር የሚጎዳው በሙሉ ጋዝ ብቻ ይመስላቸዋል ብዙዎች። ቀስ ብሎ መሄድም በጣም ይጎዳዋል።

ነጭ ማዕበል፦

እህቴ ሰማያዊ፣ ፊልትሩን ነገ እቆርጣለሁ። ወደብ ውስጥ 750 ዙር ገደማ ነው የምይዘው፤ ከመውጫው በፊት ረጅም ቀስ ተብሎ የሚኬድበት ቦታ አለ።

ቴስታታ፦

እህቴ ሰማያዊ ትክክል ናት፣ የጠየቀችውም ዋናውን ነገር ነው። አብዛኛው ሮለር ሊፍተር መርፌዎቹ የሚረጥቡት ክራንክሻፍቱ በሚረጨው ዘይት ነው። በ750 ዙር የሚረጨው ዘይት ጥቂት ነው፤ የሞላው ግፊት ግን እንዳለ ነው፣ ምክንያቱም ሞላው ቀስ እየሄድክ መሆንህን አያውቅም። ካምህ ከፈቀደ ማረፊያ ዙሩን ወደ 1,000 አቅርበው። ሊፍተር ስትቀይር ደግሞ መርፌዎቹን በቀጥታ ግፊት ባለው ዘይት የሚያረጥበውን ዓይነት ግዛ፤ ለጀልባ ሌላውን አልገጥምም።

ሞላን በተመለከተ። ሰዓት መቁጠር ጥሩ ነው፣ ግን ሞላ የሚደክመው በሰዓት ብቻ አይደለም። ማዕበል ላይ ጀልባው ዘልሎ ፕሮፔለሩ ከውኃ ሲወጣ ዙሩ በቅጽበት ይወረወራል። ያኔ ሞላው ቫልቩን ከካሙ ጋር ማስኬድ ያቅተዋል፤ ቫልቩ ይንሳፈፍና መቀመጫው ላይ እየነጠረ ያርፋል። በጸጥተኛ ውኃ የሮጠ ሞላና በማዕበል የዘለለ ሞላ እኩል ሰዓት ቢኖራቸውም እኩል አይደሉም። ስለዚህ ለካ። ቴስታታው ሳይወርድ ሮከሩ በነበረበት ቦታ ሞላውን የሚጫን መለኪያ አለ፤ ቫልቩ ተዘግቶ ሳለ ሞላው የሚይዘውን ኃይል ይነግርሃል። መነሻ አድርገህ የምትይዘው በካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ሳይሆን አዲሱ ሞላ መጀመሪያ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ ያነበብከውን ነው፤ አዲስ ሞላ በመጀመሪያው ሙቀት ትንሽ ይለቃል፣ ያ ጤናማ ነው። ያኔ 100 ኪሎ የነበረው 90 ሲደርስ አወጣዋለሁ። አንዱ ብቻ ወርዶ ሌሎቹ ደህና ቢሆኑም አስራ ስድስቱንም እቀይራለሁ።

ዝገትን ግን አልለካውም። ሞላ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል የዝገት ጉድጓድ ካየሁ ኃይሉ ሙሉ ቢሆንም ይጣላል፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። በካቻቢቴ ወይም በፒንሳ የተጫረም እንደዚያው። ሞላ ስትገጥም ሙሉ በሙሉ በተከፈተበት ቦታ ጥቅልሎቹ ከመነካካታቸው በፊት ቢያንስ 1.5 ሚሊ ሜትር እንዲተርፍ እይ። የቲታኒየም ሪቴይነር (ሞላውን ከላይ የሚይዘው ክዳን) ቀላል ስለሆነ ያጓጓል፤ ለረጅም ሩጫ ግን ሞላው እያሸ ስለሚበላው ጠንካራ ብረት እመርጣለሁ።

ሞገድ ሰባሪ፦

ስለ ክፍተቱ አቅጣጫ ያሉትን እንዲህ አስቤው አላውቅም፤ ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። የኔ ሞተር ሃይድሮሊክ ሊፍተር ነው። ክፍተት ስለሌለው የምለካው የለም ማለት ነው?

ቴስታታ፦

አለህ ወንድሜ፣ ግን ሌላ መንገድ ነው። ሃይድሮሊኩ ያለቀውን ሁሉ በዘይት እየሞላ ይደብቅብሃል፤ ቫልቭ ሲረዝምም ሊፍተሩ ዝም ብሎ ይወርድለታል። ስለዚህ ቴስታታው በወረደ ቁጥር የእያንዳንዱን ቫልቭ ዘንግ ከፍታ ከሞላው ማረፊያ ጀምረህ ለክተህ ጻፍ። በየመሃሉ የአየር መፍሰስ ልኬቱን አድርግ፣ ፊልትር ቁረጥ። ጭስ ማውጫህ በውኃ የሚቀዘቅዝ ከሆነና ካምህ አስገቢና አስወጪ ቫልቮች አብረው የሚከፈቱበት ጊዜ የረዘመ ከሆነ፣ በዝግታ ዙር ላይ እርጥበት ወደ ኋላ ይሳባል። የአስወጪ ቫልቭ ዘንግ ላይ ዝገት ካየህ ከዚያ ነው። ውኃው ከጭስ ጋር የሚቀላቀልበትን ቦታ ወደ ታች ማራቅ፣ ካም ስትመርጥም በሁለቱ ጉብታዎች መካከል ያለው ማዕዘን 112 ወይም 114 ዲግሪ የሆነውን መያዝ ይረዳል። በተለይ ጨዋማ ውኃ ላይ ከሆንክ ይህን በዋዛ አትየው።

ነጭ ማዕበል፦

ያላችሁትን ሁሉ አድርጌ ተመለስኩ። ረጅም ነው፣ ታገሡኝ።

ፊልትሩ ውስጥ ማግኔት የያዘው ብርማ ብናኝ ነበር፤ ወርቃማም ትንሽ አለበት። የ6ኛው አስወጪ ዳዶ ጥብቅ ነው። ሊፍተሩን አወጣሁ፤ ሮለሩን በሁለት ጣት ይዤ ወደ ላይና ወደ ታች ስወዘውዘው ይንቀሳቀሳል፣ በደንብ ይሰማል። አብሮት የታሰረው የአስገቢው ሊፍተር ሲዞር ይሻክራል። የካሙ ጉብታ ላይ ጥፍሬን ሳስኬድ አልያዘኝም፣ ለስላሳ ነው።

የ3ኛው ሲሊንደር 17 በመቶ ያፈሳል፤ ሌሎቹ ከ5 እስከ 7 ናቸው። ሽውታው ከጭስ ማውጫው ነው። ካንዴላውም ከሰባቱ ይልቅ ነጥቷል። ቴስታታውን አወረድኩ። ቫልቩ ከአዲሱ ጋር ሲለካ በ0.09 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ መቀመጫው ደግሞ 0.03 ገደማ ሰጥሟል። ሲደመር ያቺው 0.12 ናት! ጋይዱ አፉ ላይ ሰፍቶ ቫልቩን ያወዛውዘዋል።

ጋሼ፣ አሁን ያንን አንድ ቫልቭ ብቻ ልቀይር ወይስ ስምንቱንም አስወጪዎች? ምን ዓይነት ልግዛ?

ቴስታታ፦

ጥሩ ሠራህ ወንድሜ። በጣም ደስ ብሎኛል፤ ካሙ ሳይነካ ደርሰህበታል።

የቀሩትን ሰባቱንም አስወጪዎች አውጥተህ ርዝመታቸውን ለካ። ከአዲሱ ከ0.02 በላይ የረዘመ ካለ እሱም ይሂድ። እኔ ብሆን በዚህ አጠቃቀም ስምንቱንም ኢንኮኔል 751 አደርጋቸው ነበር፤ በኒኬል ላይ የተመሠረተ ቅይጥ ስለሆነ ሙቀት ላይ ተራው የማይዝግ ብረት የሚሳብበትን ይቋቋማል። አቅምህ ለአንዱ ብቻ ከሆነ ግን ለ3ኛው ብቻ ገዝተህ ችግሩን እንዳትሸፍን፤ መጀመሪያ ለምን ነዳጅ እንዳነሰው እወቅ። ኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጨው) ከሆነ ስምንቱንም አስወጥተህ ፍሰታቸውን አስለካ፤ ከማስገቢያው ጓርኒሲዮን አየር ይስብ እንደሆነም እይ።

ጋይዱን በነሐስ ቀይር፤ የአስወጪው ክፍተት ከ0.05 እስከ 0.06 ሚሊ ሜትር ይሁን። ጠብቦ ከተሠራ ሲሞቅ ቫልቩን ይነክሰዋል፣ ሰፍቶ ከተሠራ ደግሞ ቫልቩ ያጋድላል፣ ሙቀቱም በዘንጉ በኩል አይወጣም። መቀመጫው የሚቆረጠው ጋይዱ ከተቀየረ በኋላ ነው፤ አንዳንድ ወርክሾፕ አስቀድሞ ይቆርጣል፣ ያኔ መሃሉን ይስታል። የአስወጪው መቀመጫ ስፋት 2 ሚሊ ሜትር ገደማ እንዲሆን ንገራቸው። ለመኪና ውድድር የለመደ ሠራተኛ አየር እንዲያልፍለት ሊያጠበው ይፈልጋል፤ አንተ ግን ሙቀቱን የሚቀበልልህ ሰፊ መቀመጫ ነው የምትፈልገው።

ሊፍተሮቹን አስራ ስድስቱንም ቀይር። ፑሽ ሮዶቹን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አንከባልላቸው፤ የሚዘል ካለ ጣለው። ዘይቱን አፍስስ፣ የዘይት ማቀዝቀዣውንና ቱቦዎቹን እጠብ፤ ብናኙ እዚያ ይቀመጣል፣ ይህን የሚዘልሉት ብዙ ናቸው።

ስትገጥም የአስወጪው ቫልቭ መከፈት ሲጀምር አስገቢውን አስተካክል፤ አስገቢው ተከፍቶ ሊዘጋ ሲቃረብ አስወጪውን አስተካክል። ቴስታታህ አሉሚኒየም ስለሆነ ሲሞቅ ክፍተቱ በ0.15 ገደማ ይሰፋል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ወይ በቀዝቃዛ ወይ በሙቅ ለካ፣ አታደባልቅ። ሞተሩ ሲነሳ ቀስ ብሎ እንዲያርፍ አትተወው፤ ወዲያው ወደ 2,000 ዙር አድርሰህ ከፍ ዝቅ እያደረግህ አሙቀው፣ ከዚያ አጥፍተህ እስኪቀዘቅዝ ጠብቅ። ክፍተቱንና የሞላዎቹን ኃይል ለክተህ ጻፍ፤ መነሻህ ያ ነው። ከመጀመሪያው የሙሉ ጋዝ ሩጫ በኋላ ሲቀዘቅዝ ደግመህ ለካና የ3ኛውንና የ6ኛውን ቁጥር እዚህ ጻፍልን። የ3ኛው እንደገና በ0.03 እንኳ ከጠበበ ሁለተኛ ሩጫ እንዳትወጣ፤ ነዳጁ ገና አልተስተካከለም ማለት ነው።